ጅራቱ የተቆረጠ እንግሊዝኛ ይቅርብን

እህቶቼ፣ ሰሞኑን በየስልካችን የሚዞረውን ወረቀት አይታችሁታል። በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው በእኛው ፊደል ተጽፎ «አበሰልኩ፦ ኩክድ፤ አጠብኩ፦ ዎሽድ፤ አሠሪ፦ ኢምፕሎየር፤ ሠራተኛ፦ ኢምፕሎይ» እያለ ሁለት ገጽ ይወርዳል። ያዘጋጁት እህቶች ከእንቅልፋቸው ቀንሰው ደክመውበታል፤ ድካማቸውን አልንቅም። ወረቀቱን ግን እቃወማለሁ። አብሮት የሚዞረውን ምክር ደግሞ የባሰ እቃወማለሁ፦ «እንግሊዝኛ ሕግ የለውም፤ እንደተጻፈ አይነበብም፤ ዝም ብለሽ ሸምድጂ።»

ሕግ አለው። በተለይ ቃሉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሕግ አለው። እኛ የምንጎዳውም እዚያው መጨረሻው ላይ ነው። ነገሩን ከሥሩ፣ ውኃውን ከጥሩ ይባላል በአገራችን። እንግሊዝኛን ግን ከጅራቱ ያልያዘች ሴት ደመወዙንም፣ ቀኑንም፣ የመድኃኒቱንም ልክ ትስታለች።

ከዚህ በታች የላቲን ፊደላትን በስማቸው እየጠራሁ በሰረዝ አያይዛቸዋለሁ። «ኢ-ዲ» ስል ሁለቱን ፊደላት ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ድምፁን ደግሞ በእኛ ፊደል አሳይሻለሁ። ሁለቱን ማምታታት ነው የወረቀቱ በሽታ፦ ድምፁን ብቻ ይሰጥሽና (እሱንም አሳስቶ) ፊደሉን ይደብቅሻል። ዕቃ ላይ፣ ውል ላይ፣ ስልክ ላይ የሚጠብቅሽ ግን ፊደሉ ነው።

ከራሱ ከወረቀቱ ልጀምር። «ኢምፕሎይ» ብቻውን ቅጠር፣ መቅጠር ማለት ነው፤ ግሡ ነው። በኢ-አር ሲያልቅ «ኢምፕሎየር»፣ ቀጣሪ ይሆናል። በኢ-ኢ ሲያልቅ «ኢምፕሎዪ»፣ ተቀጣሪ ይሆናል። ኢ-አር አድራጊውን፣ ኢ-ኢ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረግለትን ወይም የሚደረግበትን ሰው ያመለክታል፤ የቃሉም ክብደት በረጅሙ «ዪ» ላይ ያርፋል። ፔየር ከፋይ፣ ፔዪ ተከፋይ። ትሬይነር አሠልጣኝ፣ ትሬይኒ ሠልጣኝ። አማርኛ ይህንኑ ሥራ በቃሉ ራስ ላይ በ«ተ» ይሠራዋል፦ ቀጣሪ፣ ተቀጣሪ፤ ከፋይ፣ ተከፋይ። እንግሊዝኛ ጅራቱ ላይ ይሠራዋል። ስለዚህ ውሉ ላይ «የአውሮፕላን ትኬቱን የሚሸፍነው» ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈው ቃል በአር ነው ያለቀው ወይስ በኢ? አንድ ፊደል ናት፤ የትኬቱን ዋጋ ከማን ኪስ እንደሚወጣ የምትወስነው ግን እሷ ናት። ወረቀቱ ይህችን ፊደል ቆርጦ ጣላት።

አሁን ወደ «ኩክድ» እንምጣ። ያለፈ ድርጊትን የሚያሳየው ኢ-ዲ ሦስት ድምፅ አለው። የትኛው እንደሆነ የሚነግርሽ ጉሮሮሽ ነው። እጅሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊና «ስስስ» በይ፤ ጸጥ ይላል። «ዝዝዝ» በይ፤ ይነዝራል። አየሽ? ሕጉ በሙሉ ይኸው ነው። ከኢ-ዲ በፊት ያለው ድምፅ ጸጥ የሚል ከሆነ፣ ማለትም ፕ፣ ክ፣ ፍ፣ ስ፣ ሽ፣ ች ከሆነ፣ ጅራቱ «ት» ይሆናል፦ ኩክት፣ ዎሽት፣ ሞፕት፣ ወርክት፣ ፊኒሽት። የሚነዝር ከሆነ «ድ» ይሆናል፦ ክሊንድ (አጸዳሁ)፣ አየንድ (ተኮስኩ)፣ ሳይንድ (ፈረምኩ)። አናባቢም ይነዝራልና «ስቴይድ» እንላለን። ቃሉ ራሱ በት ወይም በድ ድምፅ ካለቀ ብቻ «ኢድ» ይጨመራል፦ ዌይቲድ (ጠበቅሁ)፣ ኒዲድ (አስፈለገኝ)። ኢው የሚሰማው በዚህኛው ነው። «ኩኪድ» እና «ዎሺድ» የሚባል ነገር የለም። እንደ «ኔኪድ» (ራቁት) ያሉ ጥቂት ቅጽሎች ከሕጉ ይወጣሉ፤ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

«ታዲያ እንደሚነገረው ለምን አይጽፉትም?» ትይኛለሽ። ድሮ ይነገር ነበር። በጥንቱ እንግሊዝኛ ኢ-ዲ ውስጥ ያለው ኢ በአፍ ይሰማ ነበር። ዊልያም ካክስተን የሚባል ሰው በ1476 እ.ኤ.አ. ማተሚያን እንግሊዝ አገር አስገባ። ከዚያ ወዲህ አጻጻፉ ቀስ በቀስ ረጋ፤ አፍ ግን አይረጋምና መንገዱን ቀጠለ። ኢው ከአፍ ጠፍቶ ወረቀት ላይ ቀረ። ዕብደት አይደለም፤ ዕድሜ ነው።

ደግሞ ሰው ላይ ከመሳቃችን በፊት የራሳችንን እንመልከት። «ይበላል» ብዬ ብጽፍልሽ ሰውየው ይበላል ነው ወይስ እንጀራው ይበላል? ጽሑፉ አንድ ነው፤ ንባቡ ግን አንዱ ላልቶ፣ አንዱ ጠብቆ ሁለት ነው። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣችም» የሚለው? ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፤ እኛ ግን አንሳሳትም፤ ሕጉን በጆሯችን እናውቀዋለና። የእንግሊዝኛውንም በጆሮ መያዝ ይቻላል። እንዲያውም አንቺ የጅራት ሊቅ ነሽ። «ከፈልኩ፣ ከፈልሽ፣ ከፈለች፣ ከፈሉ» በሚለው ውስጥ ማን ገንዘብ እንዳወጣ የምትለዪው በመጨረሻው ድምፅ አይደለም? ማንም ሰው «ከፈል» ብሎ ትቶሽ ቢሄድ «ማን?» ብለሽ ትጮሂበታለሽ። በእንግሊዝኛ ግን ራሳችን «ፊኒሽ» ብለን እንተዋለን፤ ማዳም ደግሞ ጨረስሽ ወይስ ልትጨርሺ ነው ብላ ትነጫነጫለች።

ይኸው ጅራት ኢቃማችን ላይም አለ፣ ወተቱም ላይ አለ። «ኤክስፓየርድ» ካለ ጊዜው አልፏል፤ በቃ። «ኤክስፓየርዝ» ካለ ጊዜው ወደፊት ያልፋል፤ ከጎኑ የተጻፈውን ቀን ተመልከቺ። የመጀመሪያዎቹ ፊደላት አንድ ናቸው። ልዩነቱ ዲ እና ኤስ ነው።

ስለ ኤስ ካነሣን፣ ጉሮሮሽ እዚህም ይሠራል። ከጸጥተኛ ድምፅ በኋላ «ስ»፦ ካፕስ፣ ፕሌይትስ፣ ዊክስ። ከሚነዝር በኋላ «ዝ»፦ ስፑንዝ፣ ቤድዝ፣ ዴይዝ። ከስ፣ ከዝ፣ ከሽ፣ ከች እና ከጅ በኋላ «ኢዝ»፦ ግላሲዝ፣ ዲሺዝ፣ ዌይጂዝ። ይህ የመጨረሻው ደመወዝ ማለት ነው፤ አፍሽ ይልመደው። ሲጻፍ ደግሞ በዋይ የሚያልቀውን ቃል ተጠንቀቂው። «ሳላሪ» ከዋዩ በፊት ያለው አር ተነባቢ ስለሆነ ዋዩ ወድቆ አይ-ኢ-ኤስ ይተካል። «ዴይ» ግን ከዋዩ በፊት ኤ አለና ዋዩን ሳትነኪ ኤስ ብቻ ጨምሪ። ኢ-ዲ ሲጨመርም እንዲሁ ነው፦ «ስተዲ» አይ-ኢ-ዲ ይሆናል፣ «ስቴይ» ዋዩን እንደያዘ ኢ-ዲ ይጨምራል። ይህን ሕግ ከጣሱት አንዱ «ፔይድ» ነው፤ ተከፈለ፣ ከፈለ ማለት። ፒ-ኤ-አይ-ዲ ተብሎ ይጻፋል። እሺ፣ ይህችን ሸምድጃት። ከሁሉም በላይ የምታስፈልግሽ እሷ ናት።

«ፔይድ»ን ካወቅሽ ዘመዱን «ፔያብል»ን አትመኚው። ኤ-ቢ-ኤል-ኢ የሚል ጅራት «የሚቻል» ወይም «የሚገባ» ማለት ነው። ልብስ ላይ «ዋሻብል» ካለ ሊታጠብ ይችላል። ወረቀት ላይ «ፔያብል» ካለ ሊከፈል የሚገባው ነው፤ ተከፍሏል አይልም። በደረሰኝና በዕዳ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

አይ-ኤን-ጂ ሲጨመር ደግሞ የፊደል ሕግ አለ። አጭር ቃል ሆኖ በአንድ አናባቢና በአንድ ተነባቢ ካለቀ ተነባቢው ይደገማል። «ሞፕ» ኤም-ኦ-ፒ ነው፤ «ሞፒንግ» ሲሆን ፒው ሁለት ይሆናል። መጨረሻው ላይ የማይነበብ ኢ ካለ ደግሞ ኢው ይወድቃል፦ «ዋይፕ» (መጥረግ)፣ «ዋይፒንግ»። ትንሽ ነገር ይመስላል። ለማዳም «ወለል እየወለወልኩ ነው» ብለሽ ስትጽፊ አንዷን ፒ ከረሳሽ ግን ቃሉ «ሞውፒንግ» ይሆንና «አኩርፌአለሁ» ብለሻታል። ወለሉም ሳይታይልሽ፣ ኩርፊያሽ ተመዘገበ።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። «ፊፍቲን» 15 ነው፤ «ፊፍቲ» 50 ነው። ከ13 እና 30 እስከ 19 እና 90 ድረስ ሰባት እንዲህ ያሉ ጥንዶች አሉ። ሕጉ ቀላል ነው፦ በ«ቲን» የሚያልቀው ክብደቱ መጨረሻው ላይ ነው፤ «ቲ» ይረዝማል፣ «ን» በግልጽ ይዘጋዋል። በ«ቲ» የሚያልቀው ክብደቱ መጀመሪያው ላይ ነው፤ «ቲ» አጭርና ቀላል ነው። ወረቀቱ ላይ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ብለሽ ብታነቢ ሁለቱንም እኩል ትጫኛቸዋለሽ፤ «ን» ከአፍሽ ካመለጠች 15 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ 50 ሆነ ማለት ነው። ያውም ለሕፃን! በ17 ሪያል ያልሽው በ70 ይቆረጣል። ስለዚህ ሰይደሊያ ውስጥ ስትሆኚ ቁጥሩን በተናጠል መልሰሽ ጠይቂ፦ «ዋን-ፋይቭ ወይስ ፋይቭ-ዚሮ?» ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ነርሶችም እርስ በርሳቸው እንዲህ ይጠያየቃሉ። በፊደል ስትጽፊም አስታውሺ፦ 4 እና 14 ውስጥ ያለው ዩ 40 ውስጥ የለም።

የጽዳት ዕቃ ጠርሙስ ላይም ጅራት አለ። «ስቴይንለስ» የሚለውን ሁላችንም ከድስቱ እናውቀዋለን። «ስቴይን» እድፍ ነው፤ «ለስ» በእኛ «አልባ» እንደምንለው ነው፤ እድፍ አልባ። «ፉል» ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ያለው፣ የሞላው። «ሃርምለስ» ጉዳት የሌለው፣ «ሃርምፉል» ጉዳት ያለው። ራሱን ብቻ ያነበበች ሁለቱንም «ሃርም» ብላ ታልፋለች። ጠርሙሱ ላይ «ሃርምፉል ኢፍ ስዋሎውድ» ካለ፣ ከተዋጠ ይጎዳል እያለሽ ነው፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው። ሲጻፍ «ሙሉ» የሚለው ቃል ለብቻው ሁለት ኤል አለው፤ ጅራት ሲሆን ግን አንድ ኤል ብቻ ይይዛል።

አንዳንዱን ጅራት ሳናውቀው ከአገራችን ይዘነው መጥተናል። ኮሚሽን፣ ፌዴሬሽን፣ ቴሌቪዥን አንልም? ቲ-አይ-ኦ-ኤን «ሽን» ነው፦ ቬኬሽን (ዕረፍት)፣ ፕሪስክሪፕሽን (የሐኪም ማዘዣ)። ክብደቱም ከ«ሽን» በፊት ባለው ክፍል ላይ ያርፋል። ኤስ-አይ-ኦ-ኤን ከአናባቢ በኋላ ሲመጣ «ዥን» ነው፤ ለዚህ ነው ቴሌቪዥን የምንለው። ከኤን ወይም ከሌላ ኤስ በኋላ ሲመጣ «ሽን» ነው፦ ፔንሽን፣ ፐርሚሽን። አንዷን ካወቅሽ መቶውን ታነቢያለሽ። ሸምዳጇ መቶውንም አንድ በአንድ ትሸከማለች።

ጅራት የአባታችንንም ስም ይበላል። በእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ ላይ ብቻዋን ያለች ኢ አብዛኛውን ጊዜ አትነበብም፤ ከፊቷ ያለውን አናባቢ ግን ታስረዝመዋለች። «ከበደ» በላቲን ሲጻፍ በኢ ያልቃል፤ ስለዚህ ክሊኒክ ውስጥ «ከቢድ» እያሉ ሊጠሩሽ ይችላሉ። የማንን ሴት ልጅ ነው የሚጠሩት ብለሽ ተቀምጠሽ አትቅሪ፤ አንቺን ነው። ሕጉን ካወቅሽ ስምሽ እንዴት ሊበላሽ እንደሚችል አስቀድመሽ ታውቂያለሽ። ድምፁን ላስተካክል ብለሽ ግን ፊደል አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል፣ ሐዋላውም ላይ ይሁን።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልስማ።

«በዓረብ አገር እንግሊዝኛ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ዓረብኛ ይቀድማል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የት እንደምንኖር እንመልከት። እዚህ ደማም ከሰባተኛው ጉድጓድ በ1938 እ.ኤ.አ. ዘይት ከወጣ ጀምሮ ምሥራቃዊው ክልል በሁለት ቋንቋ የሚሠራ አገር ነው። ከመዝሩዒያ እስከ ኮበር ድረስ ማስታወቂያውን ቀና ብለሽ እዪ። መርፌ የምትወጋሽ ነርስ ፊሊፒናዊት ወይም ሕንዳዊት ልትሆን ትችላለች። ጎረቤት ቤት የምትሠራው ኬንያዊት ናት። አብሸር በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ይከፈታል። ዓረብኛ የተጻፈውን ማንበብ ለማትችል እህት የቀራት በር የትኛው ነው? ነፋሱንም እወቂው፦ ትምህርት ቤታችን የእንግሊዞቹን አጻጻፍ አስተማረን፤ እዚህ የዘይቱ ኩባንያ ያመጣው የአሜሪካኖቹ ነው። ኖኅ ዌብስተር በ1828 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት «ሴንተር» በኢ-አር ያልቃል፤ እንግሊዞቹ በአር-ኢ ይጨርሱታል። ሁለቱም ልክ ነው፤ ሁለቱንም በየሱቁ ታያለሽ።

«ስልክ ይተረጉምልኝ የለ?» የሚሉም አሉ። ይተርጉምልሽ፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ስልኳን ማታ ብቻ የምታገኝ እህት በመካከላችን የለችም? ስልኩስ ቢሆን አንቺ «ፊፍቲ» ስትዪ የሰማሽው «ፊፍቲን» እንደነበር በምን ያውቃል?

«እኛ አልተማርንም» የሚለውን ግን ጨርሶ አልቀበልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አድርጓል። የ2008ቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀች ትሂድ ብሎ ነበር። ብዙዎቻችን ዓመታት እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠናል። ቃላት አስጨብጠውናል፤ ግን «ጉሮሮሽን ያዢና ስስስ በይ» ያለን ማን ነው? የጎደለን ጭንቅላት አይደለም። ሕጉን ያልሰጡን ሰዎች «ሕግ የለውም» አሉን፤ እኛም አምነን ለአዲስ መጪዋ መልሰን እንነግራታለን። ይህን ነው ማቆም የምለው።

የማቀርበው ነገር ግልጽ ነው። ወረቀቱን ማባዛት እናቁም። በምትኩ ዕረፍት ያገኘችው በምትመጣባቸው አምስት ጁምዓዎች አምስት ጅራት እንማር፦ በመጀመሪያው ኢ-ዲ፣ በሁለተኛው ኤስ፣ በሦስተኛው ቲንና ቲ፣ በአራተኛው ኢ-አርና ኢ-ኢ፣ በአምስተኛው ለስ፣ ፉልና ኤብል። መጽሐፍ አያስፈልግም። እያንዳንዷ ከምትሠራበት ቤት የአንድ ዕቃ ባዶ ማሸጊያ ትያዝ፤ የሳሙና፣ የወተት፣ የመድኃኒት። ጅራቱን በእስክሪብቶ እናክብበው፣ ጉሮሯችንን ይዘን እናንብበው። መውጣት የማይፈቀድላት እህት በድምፅ መልእክት ትከታተል፤ የምትልክላት እህት ካሁኑ ትመደብ።

ያን ወረቀት ያዘጋጁት እህቶችም ይምጡ፤ እንዲያውም እነሱ ያስተምሩ። ሁለት ገጽ በእጅ የጻፈ ሰው አምስት ሕግ ማስተማር አያቅተውም። ለዛሬ ግን ከመተኛትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ፦ ውልሽን አውጪና በሁለት ኢ የሚያልቀውን ቃል ፈልጊ። እሱ አንቺ ነሽ። ከእሱ ቀጥሎ የተጻፈውን እስከ ጅራቱ አንብቢው።